የሽቦ አንቴና ለአጭር ሞገድ ሬዲዮ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ስለ አጭር ሞገድ አንቴና የሚጠይቁትን በዚህ እትም ሰብሰብ አድርገን መልሰናል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አጣምረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ግቢዬ 22 ሜትር በ10 ሜትር ገደማ ነው። ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ በአንዱ ጥግ ትልቅ ዋንዛ አለ። ሬዲዮዬ በባትሪም በመብራትም ይሠራል፣ የውጭ አንቴና መሰኪያም አለው። ግን የራሱን አንቴና እስከ መጨረሻው ብስበውም ቤት ውስጥ ምሽት ላይ የውጭ ጣቢያዎች ይደክማሉ። ምን ዓይነት ሽቦ፣ ስንት ሜትር፣ እንዴት አድርጌ ልዘርጋ? (ከአባይ ማዶ)

መልስ፦ ሽቦ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። ምሽት ላይ ሬዲዮውን በባትሪ እያሠሩ ይዘውት ይውጡና ግቢው መሃል ያቁሙት። እዚያ ጣቢያው ጥርት ካለ ሬዲዮው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ያለው ቤቱ ጋ ነው። ቆርቆሮው ሞገዱን ይጋርዳል፤ በግድግዳው ውስጥ የሚሄደው የመብራት መስመር ደግሞ ጩኸቱን እዚያው አጠገብዎ ይለቃል። ስለዚህ አንቴናው ከቤቱ ጩኸት በራቀ ቁጥር ይጠቅማል። ርዝመቱንም ቦታውንም የምንመርጥልዎ ይህንን አስበን ነው።

ለእርስዎ ግቢ የሚስማማው በ«ገ» ፊደል ቅርጽ የሚዘረጋው ነው፤ 15 ሜትር አግድም፣ ወደ 5 ሜትር ቁልቁል፣ ሳይቆረጥ በአንድ ወጥ ሽቦ። ቁልቁል የሚወርደው እግር ከቤቱ በራቀው ጫፍ ይሁን። ብዙ ሰው እግሩን በመኝታ ቤቱ መስኮት በኩል ያወርደዋል፤ ይህ ሽቦውን ከሸሸበት ጩኸት ውስጥ መልሶ መክተት ነው። አግድሙም ቢሆን ከቆርቆሮው ጠርዝ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ።

ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ባለ ብዙ ክር የመብራት ሽቦ ይበቃል። ላስቲኩን አይላጡት፤ ሞገዱ በላስቲኩ ያልፋል፣ መዳቡም ከዝናብ ይጠበቃል። ድፍኑ፣ ማለትም አንድ ወፍራም ክር ያለው ሽቦ፣ በንፋስ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ውሎ ከማሰሪያው ሥር ይሰበራል። ባለ 2.5 መግዛት ትርፉ ክብደት ብቻ ነው።

በቤቱ ተቃራኒ ጥግ 7 ሜትር የሆነ ባሕር ዛፍ ያቁሙ፤ 1 ሜትሩን ይቅበሩት። የሚቀበረውን ክፍል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ካልቀቡት ምስጥ ይጨርሰዋል። ጉድጓዱን ከመቆፈርዎ በፊት ግን ቀና ብለው ይመልከቱ። ምሰሶው ወይም ሽቦው በየትኛውም በኩል ቢወድቅ የመብራት መስመር የማይደርስበት ቦታ መሆን አለበት። በመንገድ ዳር የሚያልፈው የ15 ሺህ ቮልት መስመር ራቁቱን ነው። አንቴና ከመስመር በላይም ሆነ በታች አይሳብም፤ ግቢዎ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ የሽቦውን ሐሳብ ትተው ከታች ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዋ የሰጠነውን መልስ ያንብቡ።

ሌላው ጫፍ ዋንዛው ላይ ነው። ዛፍ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ንፋስ ሲነሳ ይወዛወዛል፤ ሽቦውን ግንዱ ላይ ክርር አድርገው ካሰሩት አንድ ቀን ይበጠሳል። ቅርንጫፉ ላይ ትንሽ ፑሌጃ ይስቀሉ፣ ገመዱን በዚያ አሳልፈው ጫፉ ላይ አሸዋ የሞላ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ያንጠልጥሉ። አሸዋው 3 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ዛፉ ሲወዛወዝ ሃይላንዱ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ሽቦው አይጨነቅም። በዚህ ክብደት መሃሉ ትንሽ ቢረግብ ደንበኛ ነው። ገመዱ ለዓሣ መረብ የሚሸጠው ናይለን ቢሆን ይመረጣል። ሲባጎ በክረምት ይበሰብሳል። ናይለኑንም ቢሆን ፀሐይ ስለሚያደርቀው በየዓመቱ መስከረም ላይ በጥፍርዎ ፋቅ አድርገው ይዩት፤ ዱቄት ከሆነ ይቀይሩት።

ሽቦው እንጨቱንም ዛፉንም በቀጥታ አይንካ፤ እርጥብ እንጨት ምልክቱን ወደ መሬት ያወርደዋል። ለመብራት ሽቦ ማሳለፊያ ከሚሆነው የፒቪሲ ቱቦ 10 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡ፣ ሁለቱን ጫፎች ይብሱ፣ በአንዱ ሽቦ በሌላው ገመድ ያስሩ። ኢንሱሌተር ማለት ይኸው ነው።

አሁን ዋናው ክፍል፦ ሽቦው ምሰሶው ግርጌ ሲደርስ ከዲሽ ገመድ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። እንዲህ ያለ ሽቦ በአብዛኞቹ የሜትር ባንዶች (ጣቢያዎች ተሰብስበው በሚገኙባቸው የድግግሞሽ ክፍሎች) ላይ የሚያሳየው መቋቋም ብዙ መቶ ኦም ነው፤ የዲሽ ገመዱ 75 ኦም ነው። በመሃል 9 ለ 1 የሚያወርድ ትንሽ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ኤፍ ቲ 140-43 የሚባለውን፣ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን የፌራይት ቀለበት ያግኙና ሞተር ከሚጠመጥሙ ሰዎች በሚገኘው 0.5 ሚሊ ሜትር ቫርኒሽ ሽቦ 12 ዙር ይጠምጥሙ። የዚህ አንዱ ጫፍ ከአንቴናው፣ ሌላው ከኧርዙ፣ ማለትም ከመሬት ማገናኛው ጋር ይገናኛል። ከዚያ ለብቻው 4 ዙር ይጠምጥሙ፤ የዚህ ሁለት ጫፎች ወደ ዲሽ ገመዱ ይሄዳሉ፣ አንዱ ወደ መሃሉ ሌላው ወደ ውጪው መረብ። ሁለቱ ጥምጥሞች እርስ በርስ አይነካኩ፤ በመረቡ ላይ ከቤት የሚመጣው ጩኸት ወደ አንቴናው የሚሻገርበትን መንገድ የሚያጠበው ይህ መለያየት ነው። አቆጣጠሩ ሰው ያሳስታል፦ ሽቦው በቀዳዳው ውስጥ ባለፈ ቁጥር 1 ዙር ይባላል፣ በውጪ የዞረው አይቆጠርም። ስታኞ ከማስነካትዎ በፊት ቫርኒሹን በምላጭ ይፋቁት፤ ሳይፋቅ የተበየደ ጫፍ ለዓይን ደህና ይመስላል፣ ግን አያስተላልፍም።

ከአሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ የሚወጣውን ቢጫ ቀለበት አይጠቀሙ። እሱ የብረት ዱቄት ነው፤ ለአጭር ሞገድ አልተሠራም፣ ምልክቱን ይበላዋል።

ኧርዙ ከምሰሶው ሥር የሚመታ 1.5 ሜትር ዘንግ ነው፤ መዳብ ካልተገኘ የግማሽ ኢንች ጋልቫናይዝድ የውሃ ቱቦ ይሆናል። ዋልካ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ከዘንጉ ይለያል፣ አንቴናውም ጥር ላይ «ደከመ» ይባላል፤ መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ባልዲ ውሃ ነው። ጥቁር ድንጋይ ከገጠመዎት ዘንጉን ይተዉትና ከአንቴናው ሥር 10 ሜትር ሽቦ መሬት ለመሬት ይዘርጉ፤ ለመቀበያ ይበቃል።

የዲሽ ገመዱ 75 ኦም መሆኑ፣ መጽሐፍ ደግሞ 50 ማለቱ አያሳስብዎት። በ10 ሜጋ ኸርዝ ላይ በ20 ሜትር ገመድ የሚጠፋው ከ1 ዴሲቤል በታች ነው፣ ጆሮ አይለየውም። የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፦ የብዙዎቹ የዲሽ ገመዶች መረብ አሉሚኒየም ስለሆነ ስታኞ አይዝም። የዲሹን ማገናኛ ጠምዝዘው ያስገቡ፣ ትራንስፎርመሩ በሚቀመጥበት ሳጥን ላይ ሴቴውን ይግጠሙ። በፀሐይ የዋለ ናስትሮ ብቻውን ይላቀቃል። መጀመሪያ ከብስክሌት ከመነዳሪ ቀጭን ጥብጣብ ቆርጠው እየሳቡ ይጠምጥሙት፣ ናስትሮውን ከላይ ያድርጉ። የብስክሌት ከመነዳሪ በባሕር ዳር አይጠፋም። ሳጥኑ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ቢሆን ያገለግላል፤ ከሥሩ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ይብሱለት፣ አለዚያ ላቡ ውስጡ ይጠራቀማል።

ገመዱን እስከ ቤት ድረስ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀብረው ይውሰዱት። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ወደ ታች ረገብ ብሎ ተመልሶ እንዲገባ ያድርጉ፤ ውሃው ከዚያ ይንጠባጠባል። ከሬዲዮው ጋር የሚያገናኘው በአብዛኞቹ ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ባለ ሁለት ክፍል ጃክ ነው፤ የገመዱ መሃል ወደ ጫፉ፣ መረቡ ወደ እጅጌው።

አቅጣጫ የጠየቁ ሌሎች አንባቢዎችም አሉ። በ6 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሽቦ ከሁሉም በኩል ይሰማል ማለት ይቻላል፤ ግቢዎ በፈቀደው በኩል ይዘርጉ። ዝቅ ማለቱም ጥቅም አለው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ዳር በቀጥታ መስመር 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች የዚያ አካባቢ ማሰራጫ ሞገድ የሚወርደው ከአናት ላይ ነው፣ ዝቅ ያለ አግድም ሽቦ ደግሞ ይህንን በደንብ ይይዛል።

አንድ ባንድ ብቻ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ሁለት እኩል ክንፍ ያለው ዳይፖል ይሻላል፣ ትራንስፎርመርም አይፈልግም። ሒሳቡ 143ን በሜጋ ኸርዝ በተጻፈው ድግግሞሽ ማካፈል ነው። ለ31 ሜትር ባንድ መሃል፣ ለ9.65 ሜጋ ኸርዝ፣ ጠቅላላው 14.8 ሜትር ይመጣል፤ በየክንፉ 7.4 ሜትር። ለ49 ሜትር ባንድ 23.8 ሜትር ስለሚሆን ከእርስዎ ግቢ ይተርፋል።

ጥያቄ፦ 40 ሜትር ሽቦ ዘርግቼ በሬዲዮዬ አንቴና ላይ በክሊፕ አያያዝኩት። ከዚያ ወዲህ አንዱ ጣቢያ በሌላው ላይ ይደረባል፣ ፉጨት ይሰማል፣ አንድ ጣቢያ በሦስት ቦታ ይገኛል። ሽቦው ተበላሽቶ ነው? (ከፔዳ አካባቢ)

መልስ፦ ሽቦው ከሚገባው በላይ ሠራ። በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ የተሠራው ለ1 ሜትር አንቴናው ነው፤ 40 ሜትር ሲያያዝበት የመጀመሪያው ማጉያ ይጥለቀለቅና ራሱ የሌሉ ጣቢያዎችን ይፈጥራል። ለማረጋገጥ ሬዲዮው ላይ «ሎካል» እና «ዲኤክስ» የሚል ማብሪያ ካለ ወደ ሎካል ያድርጉት። ድርቡ ጠፍቶ ደካማው ጣቢያ ከጠራ ጉዳዩ ይኸው ነው።

ክሊፑን ይፍቱት። ላስቲኩን ሳይልጡ የሽቦውን ጫፍ በተሳበው አንቴና ላይ ከ6 እስከ 8 ጊዜ ይጠምጥሙት፤ ሳይነካካ የሚሻገረው ይበቃል። ወይም በመሃል ከ22 እስከ 47 ፒኮ ፋራድ ኮንደንሰር ያስገቡ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ሽቦውን ወደ 8 ወይም 10 ሜትር ማሳጠር ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሬዲዮ ከዚያ በላይ ትርፍ የለውም።

ርካሽ ሬዲዮ ከሆነ አንዱ ድርብ አይለቅዎትም። ኃይለኛ ጣቢያ ከትክክለኛ ቦታው 910 ኪሎ ኸርዝ ዝቅ ብሎ ይደገማል፤ በ9600 ያለው በ8690 ላይ ይሰማል ማለት ነው። ይህ የሬዲዮው አሠራር ስለሆነ በአንቴና አይስተካከልም፤ ማዳከም ብቻ ይቻላል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ሬዲዮው እንደ መስታወት ይጠራል፤ ሲመጣ ተመልሶ ይንጫጫል። አንቴና ብቀይር ይድናል? (ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ መጀመሪያ አንቴናውን ሳይነኩ ጩኸቱን ከየት እንደሚመጣ ይፈልጉ። መብራት ባለበት ሰዓት ሬዲዮውን በባትሪ አድርገው ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ ይክፈቱትና የቤቱን ዋና ብሬከር ያውርዱ። ጩኸቱ ጸጥ ካለ ሌባው ቤትዎ ውስጥ ነው። ብሬከሩን መልሰው ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ከሶኬት ይንቀሉ፤ ማጥፋት አይበቃም፣ ስፒናው ራሱ መውጣት አለበት፤ ቻርጀር ስልክ ባይሰካበትም ይሠራል። ብዙ ጊዜ የሚያዙት ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የዲሽ ሪሲቨር አዳፕተርና የሶላር ቻርጅ መቆጣጠሪያ ናቸው። የሬዲዮው የራሱ አዳፕተር ከሁሉም የባሰ ስለሚሆን በባትሪ ማዳመጥ የመጀመሪያው ሕክምና ነው።

ብሬከሩ ወርዶም ጩኸቱ ካለ ከጎረቤት ወይም ከመስመሩ ነው። ትንሿን ሬዲዮ ይዘው በመንገዱ ይሂዱ፤ ጩኸቱ የሚበረታበትን ቤት ወይም ምሰሶ ያገኙታል። በደረቅ ቀን የሚያጓራ፣ ዝናብ ሲዘንብ ግን ጸጥ የሚል ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከመስመሩ ከላላ ብረት የሚነሳ ብልጭታ ነው። የምሰሶውን ቁጥር ይዘው ለመብራት ያመልክቱ። ምሰሶውን በእንጨት እየመታ የሚሞክር ሰው አለ፤ ፈጽሞ እንዳይሞክሩት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የአንቴናው ተራ፤ ለአባይ ማዶው አንባቢ እንደነገርናቸው ሽቦውን ከቤት ያርቁ፣ ኧርዙን ከቤቱ ሳይሆን ከግቢው ጥግ ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ መብረቅ እንፈራለን። ኧርዝ ካለው አንቴናው ችግር የለውም ይሉናል። እውነት ነው? (ከዘጌ)

መልስ፦ አይደለም። ያ ዘንግ በሽቦው ላይ የሚጠራቀመውን ቀስ በቀስ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ያወርዳል፤ ከላይ በገለጽነው ትራንስፎርመር ባለ 12 ዙሩ ጥምጥም አንቴናውን ከመሬት ስለሚያገናኝ ይህንን ሥራ ይሠራል። ትራንስፎርመር ለሌለው አንቴና ከሽቦው ወደ ኧርዙ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያስሩለት፤ ደረቅ ንፋስ ሲነፍስ እንኳ የሬዲዮውን የመጀመሪያ ትራንዚስተር የሚያቃጥል ቮልት ሊጠራቀም ይችላል። ቀጥታ የሚወርደውን መብረቅ ግን ይህ ዘንግ አያቆመውም።

ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ደንብ አንድ ነው፦ አዳምጠው ሲጨርሱ ገመዱን ከሬዲዮው ነቅለው በመስኮቱ ወደ ውጪ ያውጡት። ከሬዲዮው ነቅሎ ጠረጴዛው ሥር መተው ምንም አያድንም፤ መብረቁን ቤት ድረስ የሚያመጣው ገመዱ ነው። ነጎድጓዱ መሰማት ከጀመረ በኋላ ግን ገመዱንም አይንኩት፣ ሬዲዮውን ትተው ይራቁ። ትልቁን የግቢ ዛፍ ለአንቴና ከመምረጥዎ በፊትም ያስቡበት።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንቴናዬን ሐይቁ ዳር ብተክል ውሃው ሞገዱን ይስብልኛል? የባሕር ዳርቻ አንቴና በጣም ጥሩ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። (ከጎርጎራ)

መልስ፦ የሰማኸው ስለ ጨው ባሕር ነው። የባሕር ውሃ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው በጨዉ ነው፤ ጣና ጨው የሌለው ውሃ ስለሆነ ከባሕሩ ጋር ሲወዳደር በብዙ መቶ እጥፍ ያነሰ ያስተላልፋል። ከጥሩ እርሻ አፈር ብዙም አይለይም። ቢሆንም ዳርቻው ይጠቅምሃል፤ ከመብራት መስመር ትርቃለህ፣ በሐይቁ በኩል የሚጋርድ የለም፣ ደንገል የሚበቅልበት እርጥብ አፈርም ለኧርዝ ዘንግ ምቹ ነው። ሬዲዮህን በባትሪ አድርገህ በ10 ሜትር ሽቦ ብቻ ሞክረው። አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ በቀጭን ሽቦ ላይ ለውሃ ወፎች የሚታይ ቁራጭ ጨርቅ በየ3 ሜትሩ እሰርበት።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው፤ ሽቦ የሚዘረጋበት ቦታ የለኝም። (አንዲት አንባቢ)

መልስ፦ ለእርስዎ የሚሆነው ክብ አንቴና ነው። 3.2 ሜትር የዲሽ ገመድ ወስደው 1 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ያጥፉት፣ በመስቀል ቅርጽ በተሠራ እንጨት ላይ ያስሩት። የሚያገለግለው የገመዱ የውጪ መረብ ብቻ ነው። የመረቡን ሁለት ጫፎች ከአሮጌ ሬዲዮ በሚወጣ ባለ 365 ፒኮ ፋራድ ተዘዋዋሪ ኮንደንሰር ላይ ያገናኙ፤ አንዱ ጫፍ ወደሚዞሩት ሰሌዳዎች፣ ሌላው ወደ ቋሚዎቹ። መረቡ ስታኞ ካልያዘ በብሎንና በዋሸር ያጥብቁት። ከኮንደንሰሩ ትይዩ ባለው በኩል 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ክብ ሽቦ ከትልቁ ጋር አጠጋግተው ያስሩ፤ ወደ ሬዲዮው መሰኪያ የሚሄዱት የትንሿ ሁለት ጫፎች ናቸው።

በዚህ ልክ ከ4.5 እስከ 16 ሜጋ ኸርዝ ገደማ ይሸፍናል። ኮንደንሰሩን ቀስ ብለው ሲያዞሩ ጩኸቱ ድንገት ከፍ የሚልበት ጠባብ ቦታ አለ፤ እሱ ነው። ድግግሞሽ በቀየሩ ቁጥር እንደገና ማዞር አለብዎት፣ ይህ አሰልቺነቱ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ክቡን በቁሙ ሲያዞሩት በሁለት አቅጣጫ መስማት ማቆሙ ነው፤ ከሳሎኑ ወይም ከደረጃው መብራት የሚመጣውን ጩኸት በዚያ ያጠፉታል። በረንዳ ላይ ከብረት አጥሩ ግማሽ ሜትር አርቀው ያቁሙት።

ጥያቄ፦ የጣቢያዎች ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው የሚጻፈው፤ እንዴት ልቀይረው? ደግሞስ ምሽት ላይ አንዳንዱ ጣቢያ እየተርገበገበ የሚመጣው ለምንድን ነው? አንቴናዬ ላልቶ ይሆን? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ ከዩቲሲው 3 ይቀንሱ፤ ከ12 የበለጠ ከሆነ 12 ደግመው ይቀንሱ። 17 ሰዓት ዩቲሲ 14፣ ማለትም ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። የድግግሞሽ ሰሌዳው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በጥቅምት አጋማሽ አካባቢ ስለሚቀየር የለመዱት ጣቢያ ከጠፋ አንቴናውን ከመውቀስዎ በፊት አዲሱን ሰሌዳ ይፈልጉ። ቀን ቀን ከ13 ሜጋ ኸርዝ በላይ፣ ማታ ከ10 በታች ይጀምሩ።

መርገብገቡ ከሰማይ ነው። የመሬት መግነጢስ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር አቅራቢያ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሞገዱን የሚመልሰው የላይኛው አየር ይታወካል፤ ድምፁም ክንፍ እንደሚመታ ወፍ ይርገበገባል። ሽቦው ላልቶ ቢሆን ኖሮ ድምፁ ከንፋሱ ጋር ይቆራረጥ ነበር እንጂ በረጋ ምሽት አይርገበገብም። ያንኑ ፕሮግራም በሌላ ድግግሞሽ ላይ ይፈልጉት፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይረጋል።